ለጊዜው የተዘጋው መናፈሻ

እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ በሰፈሩ ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። የቀረው ሁሉ ጋሽ ለጊዜው ነው የሚለው። እሱ ግን በዚህ ስም እንደሚጠራ ሳያውቅ ስንት ዓመት ኖረ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ፊት ለፊት ሲያገኙት ሁሉም "ጋሼ" ይሉታል፣ ዞር ሲል ጋሽ ለጊዜው መጣ፣ ጋሽ ለጊዜው ሄደ ነው ወሬው።

ስሙ እንዲያው ከሰማይ አልወረደበትም። የማዘጋጃ ቤቱ የመናፈሻ ሠራተኛ ነው፤ ስለ ምንም ነገር ብትጠይቁት መልሱ የሚጀምረው በዚያች ቃል ነው። ቧንቧው ያንጠባጥባል ቢሉት ለጊዜው በላስቲክ አስሬዋለሁ ይላል። የአግዳሚ ወንበሩ እግር ተነቀለ ቢሉት ለጊዜው ድንጋይ ደግፌበታለሁ ይላል። ሚስቱ እንኳ ጎረቤት ሲሰበሰብ "እኔንም ያገባኝ ለጊዜው ብሎ ነው" እያለች ታስቃለች፤ ከተጋቡ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው። ጨዋታዋን ነው እንጂ ክፉ ባል አልነበረም። ክፉ ሰውም አልነበረም። እንዲያውም ጣጣው ሁሉ የመጣው ሥራውን ከመውደዱ ነው፤ ነገሩን ስጨርስላችሁ እናንተው ፍረዱ።

መናፈሻው በትልቁ መንገድና በትምህርት ቤቱ የጀርባ አጥር መሀል ያለ፣ ግማሽ የኳስ ሜዳ የሚያህል ቦታ ነው። አራት ዥዋዥዌ፣ አንድ ሸርተቴ፣ አንድ ቧንቧ፣ አሥራ አንድ ዛፍ፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር፤ ከወንበሮቹ አራቱ ከውስጥ፣ ሁለቱ ከአጥሩ ውጭ በመንገዱ በኩል። በዙሪያው ያሉት ቤቶች ግቢ የላቸውም፣ በራቸው የሚከፈተው በቀጥታ ወደ መንገድ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚውለው መናፈሻው ውስጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ቦርሳቸውን ዛፍ ሥር ከምረው ይፈነጫሉ። ሽማግሌዎች ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ዓለምን ያስተዳድራሉ። ነፍሰ ጡሮች ሐኪም እንዳዘዛቸው ዙሪያውን ይራመዳሉ። ሣሩስ? ሣሩማ ምን ዕድል አለው! ከበሩ እስከ ቧንቧው ያለው መተላለፊያ ራሰ በራ ነበር፣ ከዥዋዥዌዎቹ ሥርም እግር የቆፈረው ጉድጓድ። ጋሼ በክረምት ይተክላል፣ በበጋ እግር ያጠፋዋል። ደግሞ ይተክላል፣ ደግሞ ይጠፋል። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ልፋቴን ሁሉ ውሃ በላው እያለ ያማርራል።

የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአንዱ ዥዋዥዌ ሰንሰለት ከላይ ካለው ማንጠልጠያ ተላቀቀና አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ማንጠልጠያው ተበልቶ ተበልቶ ሳስቶ ኖሯል። ጋሼ በየወሩ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚሞላው ቅጽ አለ፤ ባለፈው ወር "የመጫወቻዎች ሁኔታ" በሚለው ፊት ለፊት፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቱ፣ "ደህና ነው" ብሎ ጽፏል። መሰላል አውጥቶ አላየውም። ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ነው ደህና ያለው። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የልጁ እናት መጥታ ዥዋዥዌውን አየች፣ እሱን አየች፣ ምንም ሳትል ሄደች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በነጋታው በሩን ቆለፈና ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ "ለጊዜው ተዘግቷል" ብሎ ጽፎ ሰቀለ።

እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድበትም፤ የተሰበረ ነገር ይዘጋል። አዲሱ ማንጠልጠያ ከዕቃ ግምጃ ቤት እስኪመጣ አራት ወር ፈጀ። ሲመጣ በግማሽ ቀን ገጠመው፣ የሦስቱንም አብሮ ቀየረ፣ አሁን ግን መሰላል ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ በእጁ እየሳበ አየ። ታዲያ ለምን አልከፈተም? ኧረ እናንተስ ብትሆኑ! በእነዚያ አራት ወራት ዝናቡ ዘንቦ፣ የሚረግጥ እግር ጠፍቶ፣ ያ ራሰ በራ ሁሉ ለምልሞ ነበር። ጋሼ በዕድሜው እንዲህ ያለ ሣር አብቅሎ አያውቅም። ጫማውን አውልቆ መሀሉ ቆመ። ሥሩ እስኪጠና አንድ ሳምንት ልታገሥ አለ። ሳምንቱ ሲያልቅ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ እንግዶች ይዞ ሊጎበኝ ነው ተባለ፤ እስከዚያ ይቆይ አለ። ኃላፊው መጣ፣ አየ፣ ተደነቀ፣ ከጋሼ ጋር ፎቶ ተነሣ። በዓመቱ መጨረሻ "የከተማው ምርጥ መናፈሻ" የሚል የምስክር ወረቀት በመስተዋት ተለብጦ ተሰጠው። በሥራው ተመስግኖ የማያውቅ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን እንባው መጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገ እከፍታለሁ ማለቱም እየቀረ ሄደ። ይባስ ብሎ ከአጥሩ ውጭ ያሉትን ሁለት ወንበሮች ቀባና "ቀለሙ አልደረቀም" የሚል ወረቀት ለጠፈባቸው። ወረቀቱ ዓመት ቆየ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ "ይህ ቀለም ሳይደርቅ እኔ ልደርቅ ነው" ብሎ እዚያ አካባቢ ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀ። ልጆቹ ወደ አስፋልቱ ዳር ወረዱ፣ በመኪና መሀል ኳስ መጫወት ጀመሩ። ኳሷ አጥሩን አልፋ ስትገባ ጋሼ ይመልስላቸዋል፤ ይህን ማንም አይክደውም። አጥር የዘለለ ልጅ ካገኘ ግን ጆሮውን ይዞ ያስወጣዋል፣ "ሲከፈት ትገባለህ፣ ለጊዜው ነው" ይለዋል።

ቅጹ በየወሩ ይመጣል። የመጫወቻዎች ሁኔታ፣ ደህና ነው። የጥገና ፍላጎት፣ የለም። የተጠቃሚ ብዛት፣ የለም። አልዋሸም እኮ፤ በሩ ተቆልፎ ማን ሊኖር? ያለፈውን ወር ከፊቱ ዘርግቶ ይገለብጠዋል፣ ቀኑን ብቻ ይቀይራል። ኃላፊዎች ተፈራረቁ፣ ይህ "የለም" ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። ብልሽት የሌለው፣ አቤቱታ የሌለው፣ ለፎቶ የሚያምር መናፈሻ ማን ይነካዋል?

ዘንድሮ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ወሬውን ከፀጉር አስተካካዩ ሰማ። ከተማው አዲስ ፕላን እያወጣ ነው፣ መናፈሻው የአውቶቡስ ማቆሚያ ሊሆን ነው። ጋሼ ክው አለ። ግማሽ ፀጉሩ ሳይቆረጥ ከወንበሩ ተነሣ ይላሉ፤ እሱን እንኳ የሰፈር ሰው ጨምሮበት ይሆናል። ቤቱ ሮጦ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ አወረደና ብብቱ ሥር ወሽቆ ወደ ፕላን ቢሮ ሄደ።

የፕላን ባለሙያዋ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት ሴት ናት። ተነሥታ ወንበር ሰጠችው፣ የምስክር ወረቀቱን በአክብሮት አነበበች። ከዚያ ከመደርደሪያ አንድ ወፍራም ፋይል አወረደች። የአሥራ ስምንት ዓመት ቅጽ ነው፤ ከሁለት መቶ ገጽ በላይ፣ ሁሉም በእሱ ጽሕፈት።

"አባባ፣ ይመልከቱት" አለችው። "የለም፣ የለም፣ የለም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ያልገባበትን ቦታ ለሰፈሩ ያስፈልጋል ብዬ እንዴት ልከራከር?"

"ተዘግቶ ነዋ" አለ ጋሼ።

"ማን ዘጋው?"

ጋሼ ፋይሉን ከደነው። እሷም አላፋጠጠችውም፤ የምትናገረው ልጅ ለአባቷ እንደምትናገረው ነበር። ሣር ሲረገጥ ተበላሸ አይባልም አለችው፣ መናፈሻ የሚረገጠው ሥራውን ሲሠራ ነው። ሣሩ እንዲያርፍ ከተፈለገ ግማሹ በተራ ይታጠራል፣ ግማሹ ለሰው ይቀራል። ሰው ሁሉ በአንድ በኩል እየሄደ መሬቱን ራሰ በራ ካደረገው ደግሞ እዚያ ላይ ድንጋይ ንጣፍ አድርጉልን ማለቱ ነው። ጋሼ ያን ከበሩ እስከ ቧንቧው የሚሄድ መንገድ አሰበ። ስንት ክረምት ዘር አፈሰሰበት! አንድ ቀን እንኳ ድንጋይ ላንጥፍበት ብሎ አላሰበም። በመጨረሻ ባለሙያዋ አንድ ነገር ነገረችው። የሕዝብ ውይይት ሊደረግ አሥራ አምስት ቀን ቀርቷል፤ እዚያ ቦታ ገብተው የተጠቀሙ ነዋሪዎች ቢፈርሙለት ጉዳዩ እንደገና ሊታይ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አያድርስ ነው። ወረቀቱን ይዞ በር ለበር ዞረ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ሁሉም ይግቡ አረፍ ይበሉ አሉት። ግን ምን ብለው ይፈርሙ? የዛሬ እናቶች ያኔ ነፍስ ያላወቁ ሕፃናት ነበሩ፣ ወይም ከሌላ ሰፈር የመጡ ናቸው። ድሮ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች አንድም አልቀሩም። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ያ አፈኛ ሰው እስክሪብቶውን ይዞ ቆየና "ጋሼ፣ ተጠቀምኩ ብዬ ብፈርም የሚስቁብኝ ደንበኞቼ ናቸው" አለው። በሰባተኛው ቀን ወረቀቱ ባዶ ነበር። ጋሼ ወሽመጡ ተቆርጦ ወደ ሴት ልጁ ሄደ።

ልጁ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሁለት የስፌት መኪና ያላት አንድ ክፍል ሱቅ አላት። የአምስት ዓመት ልጇ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብታ በብጥስጣሽ ጨርቅና በባዶ የክር ጥቅል ትጫወታለች፤ ውጭ መኪና ነው፣ ሌላ የት ትሂድ? ጋሼ ነገሩን ሁሉ ነገራት፣ ሌላው ቢቀር አንቺ ፈርሚልኝ አላት። መኪናዋን አቆመች።

"አባዬ፣ እኔ ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን ገብቼ ነበር" አለች። "አንተ ነህ ያስወጣኸኝ።"

ጋሼ አላስታወሰም። እሱን ነው እኮ የምላችሁ፤ ጨርሶ አላስታወሰም። እሷ ግን ምን ለብሳ እንደነበር እንኳ ታውቃለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በአጥሩ ክፍተት ሾልከው ገቡ። ዥዋዥዌው ላይ ሁለቴ እንደተወዛወዘች አባቷ ደረሰ። ከሦስቱ አስቀድሞ እሷን ነው ያወረዳት፤ የራሱን ልጅ ያስገባል እንዳይባል ጮክ ብሎ ተቆጣት፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየ። ሲከፈት ትገቢያለሽ፣ ለጊዜው ነው አላት። እሷም አባቴ ብሏል ብላ ጠበቀች።

"እስከ ስንተኛ ክፍል እንደጠበቅኩ ታውቃለህ? ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚጠራህስ ታውቃለህ?"

ነገረችው። ጋሼ ወለሉን አየ። ስሙ ሳይሆን ያሳፈረው፣ እሷ በዚያ ስም ሲጠራ በሰማች ቁጥር ምን ይሰማት እንደነበር ነው። ይቅርታ ሊላት ፈልጎ አፉ አልታዘዝ አለው፤ የሱ ዘመን ሰው ለልጁ ይቅርታ ማለት አልለመደበትም። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገና "ይህንኑ ጻፊው" አላት።

"የቱን?"

"አሁን ያልሽውን። ማን እንዳስወጣሽም ጻፊው።"

ጻፈችው። አንድም ቃል አላለዘበችለትም። በማግስቱ ጋሼ ያቺን ወረቀት ይዞ እንደገና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደና ጮክ ብለህ አንብባት አለው። ፀጉር አስተካካዩ አነበበ። ከዚያ "እንዲህ ከሆነማ እኔም አለኝ" ብሎ እስክሪብቶ አነሣ። የሚላጨው ሰውዬ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ እኔንም አስወጥቶኛል አለ። ሳቁ! ሳቅ ብቻ አልነበረም እንጂ። በስድስት ቀን ውስጥ ስልሳ ሦስት ሰው ጻፈ፤ ጆሮው የተያዘ፣ ሱሪው አጥር ላይ የተቀደደ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ወንበር ላይ አንዴ ልረፍ ብላ ቀለም ነው የተባለች። ያ ክንዱ የተሰበረው ልጅ ዛሬ ሹፌር ነው። እሱ የጻፈው ሁለት መስመር ነው፦ ጄሶው ከእጄ የወለቀ ቀን በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ መናፈሻው ነበር፣ ተቆልፎ አገኘሁት። ጋሼ ይህችን ሲያነብ መነጽሩን አወለቀ።

በውይይቱ ቀን ባለሙያዋ ወረቀቶቹን ለአዳራሹ አነበበች። ማንም አልገባበትም ማለትና ማንም መግባት አልፈለገም ማለት አንድ አይደለም አለች፣ ስልሳ ሦስቱ መግባት ፈልገው የተባረሩ ናቸው። ከዚያ ጋሼ እንዲናገር ተጠየቀ። ተነሣ፣ ከብዙ ሰው ፊት ቆሞ ስለማያውቅ ቆቡን በሁለት እጁ ያዘ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ሣሩን ጠበቅኩ። ለማን እንደምጠብቀው ረሳሁት።"

ሌላ አልጨመረም፤ ተቀመጠ።

ውሳኔው ግማሽ ደስታ ነው፣ ግማሽም አይሞላም። የማቆሚያው ሥራ ውል ቀድሞ ተፈርሟል፤ ሦስት አራተኛው መሬት ሄደ። በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ያለው ጥግ ከሁለት ዥዋዥዌና ከአራት ዛፍ ጋር ለሰፈሩ ቀረ። ጋሼ ባለሙያዋን ነጥሎ፣ ወረቀቶቹ ቀደም ብለው መጥተው ቢሆንስ ብሎ ጠየቃት። ልትደብቀው አልፈለገችም። ፕላኑ ሲጀመር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ቢመጡ ኖሮ ሙሉውን እናተርፈው ነበር አለችው። ሁለት ዓመት! እሱ አሥራ ስምንት ነበረው። በወርሃዊ ቅጹ ላይም አንድ መስመር አስጨመረች፣ "በሩ በቀን ስንት ሰዓት ክፍት ነበር" የሚል። ጋሼ ለወጉ ያህል እንኳ አልተቃወመም።

የቀረው ጥግ የተከፈተው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሼ ማልዶ መጥቶ የዛፉን ቅጠል ጠረገ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ሁለቱን ማንጠልጠያዎች አየ፣ ሰንሰለቱን ሳበ። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ከጎኑ ቆመ። ልጆች መጡ። ከመንገዱ ማዶ መጡና ቆሙ። አሥር ሆኑ፣ አሥራ አምስት ሆኑ፣ ወላጆችም መጡ፣ ግን ማንም አልገባም። ጋሼ በእጁ ግቡ ግቡ አላቸው። ልጆቹ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ምናልባት ያፍሩ ይሆናል ብሎ የልጅ ልጁን ፈልጎ አገኛት፤ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ነይ የኔ እናት፣ አንቺ ጀምሪ ብሎ እጁን ዘረጋላት። ሕፃኗ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ተደበቀች።

ልጁ ቀረብ አለችና ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ ነገረችው።

"አባዬ፣ አንተ ካልሄድክ አይገቡም።"

ጋሼ ልጆቹን አየ። እውነቷን ነው፤ የሚያዩት ዥዋዥዌውን አይደለም፣ እሱን ነው። እሺ አለ። መጥረጊያውን አንሥቶ በሩን አልፎ ወጣ፣ በመንገዱ ዳር ወደ ቤቱ ሄደ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማ፣ ከዚያ የሰንሰለት ድምፅ፣ ከዚያ የልጆች ሳቅ፣ በመሀሉም የልጅ ልጁን ድምፅ ለየ። ዞር ብሎ አንዴ ሊያያት እንዴት ፈለገ! ግን ፊቱን ካዩ ይወርዳሉ ብሎ ፈራና ሳይዞር ሄደ።